የማይተኛው ፓምፕ

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ደግሞ ተነሳ። ይቺን መስመር ሳልጨርስ ደግሞ ቆመ። ኧረ በሕግ አምላክ!

ፓምፑን ነው የምለው፤ ከእማዬ መስኮት ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሽንት ቤቱንና የኩሽናውን ፍሳሽ ወደ መንገዱ መስመር የሚገፋውን። ድሮ ፓምፕ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ፍሳሹ በራሱ ጊዜ ቁልቁል ይወርድ ነበር። መንገዱ በአዲስ ሲሠራ ከፍ አለና እኛ ከታች ቀረን። አሁን ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ የሚወርድ ሰው የቤታችንን ጣሪያ ነው የሚያየው። ስለዚህ ቆሻሻችንም እንደኛው ዳገት መውጣት አለበት።

ሲገጠም ጨዋ ነበር። ጉድጓዱ እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ይነሳል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ዝም ይላል። ከክረምቱ መጨረሻ ወዲህ ግን አመሉ ተለወጠ። እጅ ስንታጠብ ይነሳል፣ ብርጭቆ ስናለቀልቅ ይነሳል። እርርር ብሎ ገና ከመጀመሩ ጸጥ ይላል። ጸጥ አለ ብዬ ጎኔን ሳሳርፍ ደግሞ እርርር።

ማታ ማታ እማዬ ከክፍሏ ትጠራኛለች። «ጽጌ፣ ዛሬም አልተኛም?»

«አልተኛም እማዬ።»

«ይሁን፣ ይሁን።»

የሚገርመኝ ይህ «ይሁን» ነው። ጎረቤት ምስማር ሲመታ ራሴን ፈለጠኝ የምትል ሴትዮ፣ ጆሮዋ ሥር ለሚያገሳው ፓምፕ አንድ ቀን አላማረረችም።

ዛሬ ጾም ገባ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ሰው የጾም ፊት ይዞ ዋለ። የኔ ግን የጾም አይደለም፣ የእንቅልፍ ነው። አለቃዬ «ታመሻል እንዴ?» አለኝ። ፓምፕ ነው ብዬ ምን ላስረዳው።

ወንድሜ ዮናስ ደወለ። ታናሼ ነው፤ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ከሚስቱ ጋር ይኖራል፣ ምድር ቤት ስለሆነ ደረጃ የለበትም። እማዬን ልውሰድ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ስልኩን እንዳነሳሁ ፓምፑ ጀመረ፣ ሰማው። «ይሄ ቤት አልቆለታል ጽጌ» አለኝ። «እሑድ ማኅበሯን ታውጣ። ያ ነገር እስከዚያ ካልተስተካከለ ከማኅበሩ በኋላ ዕቃዋን ጭኜ እወስዳታለሁ።» አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ የማርያም ነው፤ ተራው የእማዬ ነው። ያ ሁሉ እንግዳ፣ አንድ ሽንት ቤት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ለእማዬ ዮናስ ያለውን ነገርኳት። መቁጠሪያዋን መቁጠር አቆመች። «እዚያ ግድግዳውን አላውቀውም» አለች።

ለሌላ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በጓሮው ቅያስ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ነው። የቱ ጋ ድንጋይ፣ የቱ ጋ ቆርቆሮ፣ የቱ ጋ የማን በር እንደሆነ መዳፏ ያውቀዋል። ሰሚት ላይ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሰው እስኪመራት መጠበቅ ነው ዕጣዋ።

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቧንቧ ሠራተኛ አመጣሁ። ሚኪ ይባላል። ነጭ አዲስ ጫማ አድርጎ ነው የመጣው፤ እሱን ሳይ ያኔውኑ ተስፋ መቁረጥ ነበረብኝ። የጉድጓዱን ክዳን በእግሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ፣ ፓምፑ ሲነሳና ሲቆም በጆሮው ሰማ፣ አበቃ።

«ሲስተር፣ ሞተሩ ሼባ ሆኗል። መቀየር ነው።»

«ከተገጠመ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሼባ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«አቦ፣ መሥራት አይደለም እኮ የሚገድለው፣ መነሳት ነው። ሲነሳ ሲቆም፣ ሲነሳ ሲቆም ይግልና አንድ ቀን ቀጥ ነው።»

እኔንም በየጠዋቱ የሚገድለኝ እሱ ነው፣ አልኩ በሆዴ።

ክዳኑን ክፈተውና ውስጡን እየው ብዬ ስጨቀጭቀው፣ ጋሽ በየነ ከክፍላቸው ወጡ። ጋሽ በየነ በግቢያችን ሰርቪስ ተከራይተው የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እማዬን ያውቋታል። የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። «ተወው ልጄ፣ አትክፈተው። ሰሞኑን ማኅበር አለ፣ ግቢውን ታሸቱብናላችሁ» አሉ። ሚኪም እንደዚህ ያለ ምክንያት ሲፈልግ ነበርና እጁን አነሳ። ሐሙስ አዲስ ፓምፕ ይዤ እመጣለሁ፣ ቃሌ ነው፣ ብሎ ሄደ።

ጋሽ በየነን ተናደድኩባቸው። ምን አገባቸው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ብሬከሩ ወረደ። ቢሮ ሆኜ እማዬ ደወለች፤ «ዝም ብሏል» አለችኝ። ከአራት ኪሎ ታክሲ አጥቼ በእግሬ፣ እየሮጥኩ ማለት ይቻላል፣ መጣሁ። ፓምፑ እጅ ያቃጥላል ብዬ ገመትኩ እንጂ አልነካሁትም። እስኪበርድ ጠብቄ ብሬከሩን መለስኩት። ተነሳ። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም።

የቤቱ አዲስ ሕግ፦ ዕቃ የሚታጠብበት ውሃ ወደ ግቢ ይደፋል። ልብስ አይታጠብም። ሽንት ቤት ሁለት ሰው ሳይገባ ውሃ አይለቀቅም (ይህን ለጋሽ በየነ ለማስረዳት ያየሁት ፍዳ!)።

እውነቱን ልጻፍ፣ የሚያነበው የለም። ባለፈው ዮናስ ቤት ሄጄ ገላዬን ስታጠብ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አንዴም አላሰብኩም። ወረደ፣ ሄደ፣ በቃ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። እማዬ እዚያ ብትሆን እኔም ከሥራ ወጥቼ አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን ቀስ ብዬ እጠጣ ነበር። ስልኬ በጠራ ቁጥር ልቤ አይወርድም ነበር። ደክሞኛል። እንደዚህ ማሰቤ ራሱ ደግሞ ያደክመኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሚኪ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። ቃሉን ከነጫማው ይብላው።

ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ራሴ ከፈትኩት። ብሬከሩን አወረድኩ፣ የዝናብ ቦቴን አደረግኩ፣ አፍና አፍንጫዬን በሻሽ ጠመጠምኩ። ክዳኑን በመቆፈሪያ ፈንቅዬ ሽታው እስኪወጣ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ወጣ አይባልም እንግዲህ።

በባትሪ አየሁት። ከፓምፑ ጋር በገመድ የተያያዘ ኳስ አለ። ሲገጠም ያስረዱን ትዝ ይለኛል፤ ፍሳሹ ከፍ ሲል ኳሱ አብሮ ይንሳፈፍና ፓምፑን ያስነሳዋል፣ ፍሳሹ ሲወርድ ኳሱ ይንጠለጠልና ያቆመዋል። ገመዱ ረዘም ያለ ነበር፤ እስኪሞላና እስኪወርድ ጊዜ የሚሰጠው እሱ ነው። አሁን ግን ገመዱ ከታች፣ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ታስሯል። ለኳሱ የቀረችለት ገመድ አንድ ጋት ብትሆን ነው። ጥቂት ውሃ ሲመጣ ብድግ፣ ጥቂት ሲወርድ ቁጭ። ምን ታድርግ!

የአባዬን ከዘራ አመጣሁና (ነፍሱን ይማር፣ ይቅር ይበለኝ) ገመዱን በቆልማማው ጎትቼ ወደ ላይ ሳብኩት። የታሰረው በሽቦ ወይም በፕላስቲክ አይደለም፣ በጨርቅ ነው። ጨርቁ ጠቁሯል፤ ጫፉ ላይ ግን ጥለቱ ይታያል። የማውቀው ጥለት ነው። ከክረምት ጀምሮ ጠፋብኝ ስትል የነበረው የእማዬ መቀነት።

ደግሞም አልተቋጠረም፣ ተሰፍቷል። ገመዱን አቅፎ ዙሪያውን በድርብ ስፌት፣ ልክ እንደ ሱሪ ጫፍ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሞ ኖሯል። ቀና ስል ጋሽ በየነ በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ጽጌ» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ «እኔን አትጠይቂኝ። ማርያምን ብዬ ምያለሁ። እናትሽን ጠይቂያት።»

ሰውነቴን ሳልታጠብ ነው የገባሁት። እማዬ ከነቦቴዬ ስገባ በሽታው ነው ያወቀችኝ። መጀመሪያ «የምን መቀነት?» አለች። ከዚያ ነገረችኝ።

ነሐሴ ላይ ነው፤ እኔ ለሥልጠና አዳማ ሄጄ ነበር። መብራት ሄዶ ውሎ አደረ። ፓምፑ ያለ መብራት አይሠራም፣ ዝናቡም ወደ ጉድጓዱ ገባ፣ ጉድጓዱ ሞላ፣ መውጫ ሲያጣ በሽንት ቤቱ ወለል በኩል ወደ ቤት ተመለሰ። እስከ ኮሪደሩ ድረስ። ለኔ አልደወለችም። ለዮናስም አልደወለችም። እናቴ፣ በዚያ ዓይኗ፣ ተንበርክካ በእጇ እየዳበሰች ጠረገችው። ጋሽ በየነ በባልዲ እየቀዱ ወደ ውጭ አወጡ። እኔ ስመለስ ቤቱ በበረኪና ተወልውሎ ጠበቀኝ። «ጎበዝ፣ ቤቱን አጽድተሻል» ብያት ነበር። ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ጋሽ በየነን ለምና ኳሱን ከታች አሳሰረችው፤ ጉድጓዱ ሁልጊዜ ባዶ እንዲሆን። «ውሃ ሲኖር ሁሉን ሞልተን አይደል የምናስቀምጠው?» አለችኝ። «መብራት ሲኖር ደግሞ ሁሉን አድርቀን እንጠብቅ ብዬ ነው። ሲሄድ ቦታ ይኖረዋል።»

ጮኽኩባት። ፓምፑን ልታቃጥይው ነበር፣ ሳንባሽ ቢመረዝስ፣ ብትወድቂስ፣ ለምን አልነገርሽኝም፣ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም።

«ነግሬሽ ለዮናስ ልትነግሪው?» አለች። «ነግረሽው ሊወስደኝ?»

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን ልታጠብ ቧንቧውን ከፈትኩና ፓምፑ ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ዛሬ ከጋሽ በየነ ጋር ሆነን አስተካከልነው። እሳቸው መቀሳቸውን ይዘው መጡ፤ የራሳቸውን ስፌት ሲፈቱ ያማርራሉ። «እንደዚህ አድርጌ የሰፋሁት ሱሪ ቢሆን ደንበኛዬ እስኪሞት ይመርቀኝ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ክሩ አንድም ቦታ አልላላም።

መጀመሪያ ገመዱን በጣም ለቀቅኩት። ኳሱ ሄዳ ጥጉ ላይ ተደገፈችና ቀረች፤ ፍሳሹ ወጣ፣ ወጣ፣ ፓምፑ ዝም። ጋሽ በየነ «ጽጌ! ጽጌ!» ሲሉ በከዘራው ጎሽሜ አስለቀቅኳት። ሁለተኛ አሳጠርኩት፤ ደግሞ አሁንም ቶሎ ቶሎ ተነሳ። ብሬከር ማውረድ፣ መጎተት፣ ማሰር፣ ብሬከር መመለስ። በየሙከራው የሚደፋው ውሃ ደግሞ ለፈረቃ ያጠራቀምነው የበርሜል ውሃ ነው።

ሦስተኛው ሆነ። ገመዱን ቧንቧው ላይ ዝቅ አድርጌ አሰርኩና ለኳሷ አንድ ክንድ ያህል ተውኩላት። ፍሳሹ ጉድጓዱ ወገብ ሲደርስ ይነሳል፣ ታች ሲደርስ ይቆማል፣ ከላይ ደግሞ ለክፉ ቀን ቦታ ይተርፋል። ውሃ ደፋን። ምንም። ደፋን። ምንም። ደፋን፣ ተነሳ! ሠራ፣ ሠራ፣ ሠራ፣ ቆመ። ከዚያ ጸጥ። የጎረቤት ራዲዮ ሰማሁ፤ ለካ ጎረቤት ራዲዮ አለው።

ጋሽ በየነ እጄን ሊጨብጡኝ ዘረጉና እጄን አይተው መለሱት።

እማዬ ግን በጸጥታው ተረበሸች። «ሞተ እንዴ?» «አልሞተም፣ ተኝቷል።» «መብራት ቢሄድስ?» አለችኝ። መብራት ከሄደ፣ ብዙ ሰዓትም ከቆየ፣ ምንም ብናስረው ይሞላል። ሞኝ አልነበረችም፤ የፈራችው የእውነት ነገር ነው። ትናንት ስለጮኽኩባት ይቅርታ ጠየቅኳት። «የምን ይቅርታ ነው፣ ይልቅ ታጠቢ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ብሬከሩ አልወረደም። ልብስ አጠብኩ! ፓምፑ ተነሳ፣ እንደ ሰው ሠርቶ ተኛ።

ሚኪ ደወለ። «ሲስተር፣ ፓምፑን ነገ ላምጣው?» ጫማህን ቦርሽ ብዬ ዘጋሁበት።

ሙሉ ቀን ሽንኩርት። እጄ የትኛው ሽታ እንደሚበልጥበት አላውቅም።

እማዬ የነሐሴውን ነገር ለዮናስ እንዳልነግረው አስማለችኝ። ማልኩላት። ልክ መሆኔን ግን እንጃ። ልጇ ነው፣ ማወቅ አለበት። ቢያውቅ ደግሞ ይወስዳታል። እዚህ ሆና እንደዚያ ከምትንበረከክ ቢወስዳት አይሻልም ወይ፣ የሚል ነገርም ውስጤ አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ሁሉም ሄዷል። እግሬን ሰቅዬ ነው የምጽፈው።

ዮናስ በጠዋት መጣ። ባዶ ካርቶኖች አጣጥፎ በመኪናው ይዞ መጥቷል፤ አየኋቸው፣ እሱም ማየቴን አየ። የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። እማዬ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ወንበሯ ላይ፣ እንግዳውን በድምፁ እየለየች በየስሙ ትጠራ ነበር። ፓምፑ አንዴ ተነሳ፣ ሠራ፣ ተኛ። ዮናስ ጆሮውን አቁሞ ሰማው።

ከዚያ መብራት ሄደ።

ሰው አልደነገጠም፤ ማን ለመብራት ይደነግጣል። እማዬ ግን ወሬዋን መሃል ላይ አቋረጠች። የወንበሩን እጀታ ጨበጠች። የማኅበርተኞቹ እናቶች ጠላው ሠርቶላቸው ወደ ሽንት ቤት አንድ በአንድ ይሄዳሉ፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እናቴ አንገቷን ታዞራለች። እኔም ከትሪ ጋር እየተመላለስኩ በልቤ እቆጥራለሁ።

ዮናስ ጎንበስ ብሎ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ? አመመሽ?» አላት።

እንደምትክደው እርግጠኛ ነበርኩ። «ዮናስ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ነሐሴ ላይ ፍሳሹ ቤት ገብቶብኝ ነበር። መብራት ሲሄድ። ጠረግኩት። አልነገርኩህም።»

ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ብቻሽን?»

«ከበየነ ጋር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትወስደኛለህ ብዬ።»

ዮናስ ልጅ ሆኖ ሊያለቅስ ሲል የታች ከንፈሩን እንደሚነክሰው ነከሰ። «እኔን ፈርተሽ ነው?» አላት። እማዬ እጁን ፈልጋ ያዘችው። ከዚያ እጁን አስለቀቀ፣ ኮቱን አውልቆ ወንበሯ ላይ ሰቀለና ወጣ። መኪናውን ሊያስነሳ መስሎኝ ተከተልኩት። የጉድጓዱን ክዳን ሲፈነቅል አገኘሁት። በስልኩ ባትሪ ውስጡን አየ። «ከዚህ እስከዚህ ለምን ያህል ሰው ይበቃል?» አለኝ። እንዴት እንዳሰርኩት አሳየሁት። ክርክር አላነሳም።

ተመልሶ ገባና እጁን አጣምሮ «እናቶች፣ ይቅርታ፣ መብራት እስኪመጣ ሽንት ቤቱን ትንሽ ታገሡልን» አለ። እኔ በሃፍረት መሬት ልገባ ነው። አንዷ ባልቴት «ስንቱን ታግሠን የለ ልጄ» አሉና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማዬ ሳቀች። ጋሽ በየነ ሽንት ቤቱ በር ላይ ወንበር ይዘው ዘብ ቆሙ፤ ለታመመና ለነፍሰ ጡር ብቻ ነው የማስገባው አሉ። ከመሃከላቸው እርጉዝ የምትሆነዋን ሲያፈላልጉ ደግሞ ሌላ ሳቅ።

ዮናስ እየወጣ ጉድጓዱን ያያል፣ እየገባ ለእማዬ ጆሮ ላይ ይነግራታል። «ገና ነው። ቦታ አለ።» «ገና ነው።» የወንበሩን እጀታ እየለቀቀች መጣች።

መብራት ሲመጣ እልልታ ሆነ። ወዲያው ፓምፑ ተነሳ። ለመብራቱ ይሁን ለፓምፑ፣ አንዷ እናት እልልታዋን ደገመችው። ረጅም ሠራ። ሁላችንም፣ እንግዳው ሳይቀር፣ እስኪጨርስ ሰማነው። ቆመ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ሽንት ቤት ተነሳ።

ማታ ዮናስ ካርቶኖቹን ሳያወርድ መኪናው ጋ ቆመን አወራን። «ለገና እንነጋገርበት» አለኝ። «መብራት ሲሄድ ግን መጀመሪያ ለኔ ደውሉ፤ እኔ ነኝ የምጠርገው።» እንደሚመጣ እንጃ፣ ሰሚት ሩቅ ነው። ቢሆንም ብሏል።

ከዚያ፣ በሩን ከፍቶ ሊገባ ሲል ዞር አለ። «አንቺስ ጽጌ? አንቺ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አፌን ስከፍት ፓምፑ ተነሳ። «ቆይ፣ ልስማው» አልኩት። ሰማሁት። ሠራ፣ ሠራ፣ በወጉ ቆመ። «ይኸው፣ ቆመ» አልኩት። ዮናስ ትከሻዬን ዳበስ አድርጎ ሄደ።

አሁን እማዬ ከክፍሏ ጠራችኝ።

«ጽጌ፣ ተኛ?»

«ተኝቷል እማዬ።»

«እንግዲያው አንቺም ተኚ።»